በጉና ጉም ውስጥ የጮኸው ጅራፍ

የአሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል ተማሪዎች ልብ ሰቀላ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ገነት ስትጠይቃቸው ስድሳ ሦስቱም ዓይናቸውን ከደብተራቸው ሳያነሱ በአንድ ድምፅ፣ «ልብ ሰቀላ ማለት አንባቢው ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ እንዲጓጓ የሚያደርግ የአጻጻፍ ስልት ነው» አሉ።

«ጎበዞች። እሺ፣ የእናንተስ ልብ ተሰቅሎ ያውቃል?»

አንዳንዶቹ ገጽ ገልጠው ፈለጉ፤ መልሱ እዚያ እንደሌለ ሲያዩ ደብተሩን መልሰው ከደኑት።

«ቲቸር፣ ለፈተና ከሆነ ትርጉሙ ይበቃናል» አለ ጌጡ ከኋላ ወንበር። ጌጡ ከይፋግ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ቁመቱ ከዴስኩ ጋር አልስማማ ስላለው ሁልጊዜ በጎኑ ነው የሚቀመጠው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያሰበውን ግን ሳይናገር አያድርም። ክፍሉ ሳቀ። ገነትም ፈገግ አለች፤ ንግግሩ ግን ጠቅ አደረጋት።

ልጁ እውነቱን ነው። አማርኛ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዘጠኙን ያሳለፈችው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። የሥነ ጽሑፉ ምዕራፍ ሲደርስ በየዓመቱ ነገሩ ያው ነው። እሷ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ሴራ እያለች ሰሌዳው ላይ ትደረድራለች፤ እነሱ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ከፈተና ክፍል ሲወጡ ይረሱታል። መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ስለሆነ በውስጡ ያለውን ታሪክ እንኳ አንብቦ የጨረሰ የለም።

ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን አራገፈች። ምን እንደምታደርግ ገና አላወቀችም ነበር። በመስኮቱ በኩል የኅዳር ፀሐይ ገብታ የፊተኛውን ረድፍ ታሞቃለች። ሩቅ በስተምሥራቅ ጉና ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ገነት አየችው፤ ከዚያም ለባሏ ለሲሳይ እንኳ ከዳር ከዳሩ እንጂ በሙሉ ነግራው የማታውቀውን ነገር ለእነዚህ ልጆች ልትነግር ወሰነች።

«ደብተር ዝጉ» አለች። «እስክሪብቶም አስቀምጡ።»

ይህን ተብለው ስለማያውቁ ተያዩ።

«አንዲት አስተማሪ ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ አምስት። የተመደበችው ጉና ሥር ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ጊዜው የሰኔ መጀመሪያ፣ ዕለቱ ዓርብ። የሰባተኛ ክፍልን የአማርኛ ፈተና ግማሹን አርማ፣ ግማሹን ቤቷ ልታርም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። ወደ ጋሳይ የሚወስደው ዋናው መንገድ ተራራውን ዞሮ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በተራራው ትከሻ ላይ የሚያልፍ አቋራጭ ደግሞ አለ፤ እሱ ግማሹን ያስቀራል። ርእሰ መምህሩ ደብተራቸውን እየዘጉ፣ ‹ሰኔ ነው፤ በአቋራጩ አትሂጂ› አሏት። እሷ ግን የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ቸኩላለች። ‹እሺ› ብላ ወጣችና በአቋራጩ ሄደች።»

ገነት ቆመች። «ርእሰ መምህሩ ያሉት ነገር ምን ይባላል?»

ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ግማሽ ድረስ አወጣች። ማሬ ናት። ቤተሰቦቿ ጋሳይ ይኖራሉ፤ እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ትሄዳለች። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የሚሰማው ስም ሲጠራ ብቻ ነው።

«ንግር» አለች። «ወደፊት ክፉ ነገር እንደሚመጣ ቀድሞ ሹክ ይላል።»

«ልክ ነው። ሹክ አላት፤ አልሰማችም።»

ቀጠለች። ከግማሽ መንገድ በኋላ ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ እንደ ወተት ገንፍሎ እንደመጣ፣ መጀመሪያ ጫማዋን፣ ከዚያ እጇን እንደጋረዳት ነገረቻቸው። ቀጥሎ በረዶ ወረደ። ሽንብራ የሚያክለው ባቄላ አከለ። ባዶው ማሳም ገደሉም መንገዱም ነጭ ሆነ፤ መንገድ የሚባል ነገር ጠፋ። ወደ ግራ ያለች መስሏት ወደ ቀኝ ወረደች፤ ረግጣው የነበረው ድንጋይ ከሥሯ ሲከዳት አንሸራተታት። አንድ የጅባራ ተክል ባይዛት ኖሮ የት እንደምትደርስ አታውቅም። ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል። እየዳኸች ወጣ ካለ ዐለት ሥር ተጠለለች።

«ልብሷ በሙሉ ርሷል» አለች ገነት። «ጥርሷ እርስ በርሱ ይንገጫገጫል። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ደረቅ ነገር ፈለገች። ያላት ደረቅ ነገር በፌስታል የተጠቀለለው የፈተና ወረቀት ብቻ ነው። ስትፈታው ነፋሱ ጥቂቱን ነጥቋት ሄደ። የቀረውን እየጨማደደች በሹራቧ ሥር፣ በደረቷና በጀርባዋ ጎሰጎሰችው።»

«የተማሪዎቹን ፈተና!» አለች አንዷ ደንግጣ።

«አዎ። መጀመሪያ የወደቁትን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ገነት ቀስ ብላ፣ «አሁን የምትታገለው ከማን ጋር ነው?» አለች።

«ከብርዱ!» «ከተራራው!»

«ከራሷ ጋር» አለ ጌጡ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ማለቴ… እንቅልፍ ይመጣባታል። ብርድ ሲበዛ እንቅልፍ ያመጣል፤ አባቴ ነግሮኛል። ብትተኛ አለቀላት።»

ገነት እንዴት እንዳወቀባት ገረማት። እንቅልፉ መጥቶባት ነበር፤ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያባብል ዓይነት እንቅልፍ ነበር። ይህንንም ነገረቻቸው። ዓይኗ ሊከደን ሲል ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማች። ጅራፍ ነው። ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ጅራፍ ካለ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ቤት አለ። ተነሣች። መቆም ሲያቅታት በተቀመጠችበት እየተንሸራተተች፣ በጉልበቷ እየዳኸች ድምፁን ተከተለች። ጧ ሲል ትሄዳለች፤ ዝም ሲል ቆማ ትጠብቃለች። ያለ ድምፁ የቱ ገደል የቱ ሜዳ እንደሆነ አታውቅም። ድምፁ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ።

«ከዚያ ቆመ» አለች ገነት።

«ምኑ?»

«ጅራፉ። አንድ ደቂቃ ጠበቀች። አምስት ደቂቃ። የለም። ሩብ ሰዓት። የለም። በግራዋ ድንጋይ ሲንከባለል ትሰማለች፤ መሬት ሲነካ ግን አትሰማም። ይህ ማለት—»

ደወሉ ተደወለ።

ገነት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ስድሳ ሦስት አፍ በአንድ ጊዜ፣ «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብላ፣ «አሁን ልባችሁ የት ነው ያለው?» አለችና ወጣች። በኮሪደሩ ላይ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች፤ ከአስተማሪነት እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘች ቆይታለች።

በማግስቱ ከደወሉ በፊት ክፍሉ ሞልቶ ጠበቃት። ጌጡ ሳይቀር ቀድሞ ገብቷል። ገነት ታሪኩን ጨረሰችላቸው። ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት ባላወቀችው ዝምታ ውስጥ አስተማሪዋ መሬት ላይ ተጣብቃ እንደጠበቀች፣ ተስፋ ቆርጣ እናቷን በስም እንደጠራች፣ ከዚያ ጅራፉ እንደገና፣ ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ መጮኽ እንደጀመረ፣ እሷም ድምፁን ተከትላ የድንጋይ አጥር ላይ ደርሳ እንደወደቀች ነገረቻቸው። አንድ ጎልማሳ ገበሬ አንሥቶ ቤት አስገባት። እሱና ሚስቱ እግሯን በቅቤ አሽተው፣ በእሳት አሙቀው አሳደሯት። ጧት በበቅሎ ጋሳይ አደረሷት።

«ገበሬው ጅራፉን ያጮኽ የነበረው ጭላዳ ዝንጀሮ ከማሳው ሲያባርር ነው» አለች ገነት። «በአጋጣሚ ግን ሰው አዳነ።»

አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ጌጡ ግን በጎኑ እንደተቀመጠ ግንባሩን ቋጥሯል።

«ምነው ጌጡ?»

«ቲቸር፣ ሴራ ማለት የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው ብለው አስተምረውናል።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ተበጥሷል። በሰኔ ማሳው ላይ ምን እህል ኖሮ ነው ጭላዳ የሚያባርረው? ገና መታረሱ ነው። ደግሞስ በዚያ በረዶ ጭላዳው ራሱ ከዋሻው ይወጣል? ደራሲው ገበሬ አይደለም መሰለኝ።»

ክፍሉ ሲስቅ ገነት አልሳቀችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ አልመጣላትም ነበር። ማሳው ባዶ እንደነበር እሷው ራሷ ትናንት ነግራቸዋለች። ጅራፉ ለምን ጮኸ? ለምንስ ቆመ? ለምን እንደገና ጀመረ? ሞት የቀረላት በዚያ ድምፅ ነው፤ ምክንያቱን ግን አታውቀውም።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች በመጨረሻ። «መልሱ የለኝም።»

አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምተው አያውቁም።

«ታሪኩን የሰማነው በአስተማሪዋ በኩል ብቻ ነው። እሷ ያላየችውን እኛም አላየንም። ይህ አንጻር ይባላል፤ ማን እያየ ነው የሚተርክልን ማለት ነው። የቤት ሥራችሁ ይሁን። ያንኑ ቀን ጅራፍ ከሚያጮኸው ሰው ወገን ሆናችሁ ጻፉልኝ። ምክንያቱን እናንተ ፈልጉት።»

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ማሬ ወደ ኋላ ቀረት አለች። «ቲቸር፣ አያቶቼ ጉና ላይ ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ስሄድ እነሱን ጠይቄ ብጽፍ ይቆጠርብኛል?»

«ጠይቂ እንጂ» አለች ገነት። «እንዲያውም የተሻለ ነው።» ሌላ ነገር አላሰበችም።

ሰኞ ዕለት ሰባት ስምንት ልጆች የጻፉትን አነበቡ። አንዱ ገበሬውን የጠፋ በሬ ፈላጊ አደረገው። ሌላዋ ለሠርግ የሚለማመድ ጎረምሳ አደረገችው፤ ክፍሉን አሳቀችው። ጌጡ ራሱ ገበሬው ጅብ ሲያስፈራራ እንደነበር ጽፎ፣ «ግን እኔም አላመንሁበትም» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ ማሬ ተነሣች። ሁለት ገጽ ነው የያዘችው። ድምፅዋ እየሄደ ጠነከረ።

«እኔ ታንጉት እባላለሁ» ብላ ጀመረች። «ባሌ ምትኩ ጧት የወጣ በግ ፍለጋ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ጉናን ዋጠው። ከቤታችን በላይ ገደል አለ፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ በጉም ይስታል። እኔ ከአራት ወንድሞች ጋር ነው ያደግሁ፤ ጅራፍ ማጮኽ ከእነሱ ተምሬያለሁ። ሴት ልጅ ምን አገባት ቢሉኝም አልተውሁም። የበሬውን ጅራፍ አውርጄ፣ ከቤቱ ጀርባ ካለው ካብ ላይ ወጥቼ፣ ድምፁን ሰምቶ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ማጮኽ ጀመርሁ። ቀኜ ሲዝል በግራዬ፣ ግራዬ ሲዝል በቀኜ። በረዶው ራሴን ሲቀጠቅጠኝ ሰፌድ ደፋሁበት።»

ክፍሉ ፈገግ አለ። ገነት ሰሌዳውን ተደግፋ ነበር፤ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባሌ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። አንዷን በግ ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ጅራፉን ጣልሁት። እልል ልል ብል ድምፄ ተዘጋ። ቤት አስገባሁት፣ እሳት አነደድሁለት። እግሩን በሞቀ ውኃ ሳጥበው ከኪሱ የረጠበ ወረቀት አወጣ። ‹አስታ ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት› አለኝ። ባሌ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሯል። ወደ እሳቱ አስጠግቶ፣ ‹ስም… ክፍል፣ ሰባተኛ› ብሎ አነበበ። በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ‹ይህ የአስተማሪ እጅ ነው። ቀለሙ ገና አልታጠበም። ዛሬ ነው የወደቀ› አለ። ተያየን። ከእኛ በላይ ሰው አለ። ባሌ ሳይሞቅ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። እኔም ጅራፌን አንሥቼ ካቡ ላይ ተመልሼ ወጣሁ። ከፊተኛው ይልቅ አበርትቼ አጮኽሁት፤ ፊተኛው ሰው ባሌ ነበር፣ አገሩን ያውቃል፤ ይህኛው ግን አገሩን የማያውቅ ሰው ነው።»

ማሬ ወረቀቱን ገለበጠች። «አስተማሪዋን ባሌ ከካቡ ሥር ወድቃ አገኛት። ሹራቧን ባወልቅ ወረቀት ብቻ ነው፤ እንደ ፍራሽ ተጎስጉሳለች። ማታ ትኩሳት ስለነበረባት ብዙ አላወራንም። ጧት ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም።»

ተቀመጠች። ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሁሉም ገነትን ነው የሚያዩት። ገነት ወደ መስኮቱ ዞራ ደፉን ይዛ ነበር። ያ ዝምታ፣ በሕይወቷ ከሁሉ የከፋው ግማሽ ሰዓት፣ እታች ባለች አንዲት ጎጆ ውስጥ ባል ለሚስቱ በሕይወት የገባበት ሰዓት ኖሯል። እሷ እናቷን እየጠራች ስታለቅስ አንድ ሰው እግሩን እየታጠበ ነበር። እና በዚያ ደስታቸው መካከል ተነሥተው ወጡላት።

«ማሬ፣ ይህን አንቺ ነሽ የፈጠርሽው?»

«አይደለም ቲቸር። ‹ጅራፍ በጉም ለምን ይጮሃል?› ብዬ አያቴን ብጠይቃቸው እንዲህ ብለው ነገሩኝ። አንድ ጊዜ አድርጌው አውቃለሁ አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ ጋሳይ ስለነበርሁ አላውቅም።»

ገነት ወደ ክፍሉ ዞረች። ልትደብቀው ብትፈልግም የምትችል አልመሰላትም። «ያቺ አስተማሪ እኔ ነኝ» አለች።

ጌጡ ከኋላ፣ «እንግዲያው ሴራው ልክ ነው ቲቸር» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ገነትም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ሳቀች።

ያን ቀን ማታ ራት ላይ ለሲሳይ ሁሉንም ነገረችው። ከሁሉ የከበዳት እስከዚያ ቀን ድረስ የሰዎቹን ስም እንኳ አለማወቋ ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ በክረምቱ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወረች፤ ከዚያ ሠርግ መጣ፣ ከዚያ ልጅ መጣ። መጀመሪያ ላይ «እሄዳለሁ፣ አመሰግናለሁ» ትል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈራት፤ በምን ፊቴ እሄዳለሁ እያለች ቀረች።

«ባለሽ ፊት ሂጂ» አላት ሲሳይ። «እነሱ እንደሆነ የሚያውቁት እሱኑ ነው።»

ቅዳሜ ጧት ከገበያ ወፍራም ጋቢ ገዝታ፣ ከማሬ ጋር በሚኒባስ ጋሳይ ወረደች። ከዚያ በእግር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በየአውድማው ገብስ እየተወቃ፣ ገለባው በነፋስ እየበረረ ነበር። ማሬ ክፍል ውስጥ እንዳልሆነች ሁሉ መንገዱን ሙሉ አወራች፤ የማን ማሳ የት እንደሆነ፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው እንደሚያስመስል።

ታንጉትን ከቤታቸው ደጅ ድንች ሲለቅሙ አገኟቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ ትከሻቸው ሰፊ የሆነ ሴት ናቸው። ማሬ ልታስተዋውቅ አፏን ስትከፍት በእጃቸው ዝም አሰኟት። ገነትን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ ቀርበው በአፈር እጃቸው ጉንጯን ይዘው ሳሟት።

«ወፍረሻል፣ ተመስገን» አሉ። «ያን ቀን አጥንትና ወረቀት ብቻ ነበርሽ።»

ገነት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ብትል ብብቷን ይዘው አነሷት። «ተይ፣ ተይ። እግርሽ ዳነ?»

«ድኗል እማማ ታንጉት። ሳልመጣ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አልሞትሁ፣ አገር አልለቀቅሁ። ይኸው መጣሽ አይደል?»

ምትኩ ከአውድማው ተጠርተው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ከጨበጠቻቸው በኋላ ለጥቂት ጊዜ አለቀቁትም። የነቢያት ጾም ስለሆነ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበ፤ አራቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ገነት ጋቢውን አውጥታ በሁለቱ ጉልበት ላይ ስታነጥፈው ታንጉት ጥለቱን እያሻሹ፣ «ይህስ ለሁለት ይበቃል» አሉ። ገነት ዘጠኝ ዓመት ስትቋጥረው የቆየችው ነገር ሁሉ ቀለለላት። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ነበረባት።

«እማማ፣ በማግስቱ ጧት ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«ጅራፉ ለእኔ ተብሎ እንደጮኸ።»

ታንጉት የድንች ልጣጭ እንደያዙ ባላቸውን፣ ከዚያ እሷን አዩ። «ታዲያ ለማን ብለሽ ነበር?»

«እኔማ… አባባ ምትኩ ጭላዳ ሲያባርሩ መስሎኝ ነበር።»

ምትኩ ድንቹ ትን እስኪላቸው ሳቁ። «በሰኔ? ደግሞስ እኔን ጅራፍ ከመቼ ወዲህ ይታዘዘኛል! በዚህ ቤት ጅራፉ የእሷ ነው።»

ሳቁ ካለፈ በኋላ ምትኩ ፊታቸው ለወጥ አለ። «እኔም የምጠይቅሽ አለ። ያ ያገኘሁት ወረቀት እሳት አጠገብ ሳደርቀው ተቃጠለብኝ። የልጁን ነገር ግን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በእኔ ጥፋት ሳያልፍ ቀርቶ ይሆን?»

ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ስለማያውቁት ተማሪ ውጤት ሲጨነቁ ኖረዋል። «የሦስት ልጆች ወረቀት ነበር የጠፋው» አለች። «ሦስቱንም እንደገና ፈተንኋቸው። ሁሉም አለፉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ አባባ።»

«ተመስገን» አሉና አማተቡ። ሌላ ድንች አንሥተው መላጥ ጀመሩ።

ከምሳ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ወሰዷት። ካቡ እሷ ከምታስበው ያነሰ ነው፤ እስከ ወገብ እንኳ አይደርስም። ምትኩ በዱላቸው ሽቅብ አመለከቱ። ያ ወጣ ያለው ዐለት እዚያው ነው፤ ፍየሎች በሥሩ ይሄዳሉ። ብዙ ሰዓት የዳኸችበት መንገድ አንድ ሰው ጮኾ ሊጠራራ የሚችልበት ያህል ነው። በስተግራው ግን መሬቱ በድንገት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው አየር ብቻ ነው። ገነት ጠርዙን አይታ ዓይኗን መለሰች። ታንጉት እጇን ያዙ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነው። ከሥራቸው ሜዳው እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በፀሐይ ተዘርግቶ ይታያል።

«ያን ቀን ይህን አላየሽውም» አሉ ታንጉት። «እይው። ጥሩ አገር ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምትኩ በዋናው መንገድ እስከ ጋሳይ ሸኟት። ማሬ እሑድ ስለምትመለስ አያቶቿ ዘንድ ቀረች። ገነት «ይከብደኛል» ብላ ብትለምንም ታንጉት ግማሽ ጆንያ ድንች አስጭነዋታል። ምትኩ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊት ከፊት ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጅቱ ማሬ ክፍል ውስጥ ትናገራለች?» ብለው ጠየቁ።

«ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ትናገራለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ጆንያውን ከእግሯ ሥር ከተተላት። ምትኩ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አንሥተው መኪናው እስኪነሣ ቆሙ። ገነት ስልኳን አውጥታ ለሲሳይ ደወለች።

«እንዴት ሆነልሽ?» አላት።

«ስመጣ እነግርሃለሁ። ትልቁን ድስት ጣድልኝ፣ ድንች ይዤ እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መስኮቱን ጥቂት ከፈት አደረገችው። የገለባ ሽታ ገባ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከየት እንደመጣች ስትጠይቃት፣ «እማማ ታንጉትን ልጠይቅ ሄጄ ነበር» አለች ገነት፤ ስማቸውን ጮክ ብላ መናገሩ ደስ አላት። ሴትዮዋ ቀጥላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ስለ ድንች ዘር አወራቻት፤ ገነትም እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በሙሉ ልቧ ሰማቻት።